ለትከሻ የሚመጥን ጠመንጃ

ቁሐር ሚካኤል፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለማናዬ ልጅ ለዘመነ፣ ባለህበት በደቡብ አፍሪካ ምድር። እንደምን ከረምህ? እናትህን አፈር ይቅለላትና፣ እኔ አጎትህ በላቸው ከቀኝ ዓይኔና ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደኅና ነው። ሚካኤል ከአውሬም ከሰውም ይጠብቅህ።

ይህን የምትጽፈው የልጄ የሰውመሆን ሚስት እየሩስ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፈርሁበትምም። እኔ እናገራለሁ፣ እርሷ ትጽፋለች። ያልሁትን እንዳታስቀር አስምዬአታለሁ። ወረቀቱን ወረታ ያለው ጨርቅ ነጋዴው ኡመር ይቀበለኛል፤ እዚያ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ወንድሙ አብዱልባሲጥ ለአንተ ያደርሳል። ስልክ ያልደወልሁት የጠመንጃ ነገር በስልክ ስለማይወራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሜዳውን ሲሞላው አንድ ወንዴ ጉማሬ ከጣና በጉማራ ወንዝ ሽቅብ መጣ። ውኃው ሲሸሽ ባልንጀሮቹ ተመለሱ፤ እርሱ ቀረ። ሩዛችንን ወደደው። የሚበላው አይደለም የሚያንገበግበኝ፣ የሚረግጠው ነው፤ ባለፈበት ሁሉ ማሳው የተወቃ አውድማ ይመስላል። ወረዳ ሄጄ አመለከትሁ። ቆርቆሮ ምቱ አሉኝ። መታን። ለእርሱ የተዘፈነ መሰለው መሰለኝ፣ ይበልጥ ጠጋ አለ።

አባቴ በዚሁ ወንዝ ዳር በውጅግራ ጠመንጃው ጉማሬ ጥሎ፣ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ተደርጎለት፣ እየተፎከረለት ቤቱ እንደ ገባ ታውቃለህ። ከዚያ ቆዳ የተገመደው አለንጋ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርሁ፤ የዚያ ቅቤ ሽታ ግን ከአፍንጫዬ ወጥቶ አያውቅም። ለእኔ ቀኑ አልሰመረም፤ አሁን ደግሞ የማነጣጥርበት ዓይን ሄዷል። ሳልሞት በዚህ ቤት ቅቤ የተቀባ ራስ ማየት አለብኝ።

ያለኝ ወንድ ልጅ ሰውመሆን ብቻ ነው። አብራችሁ ስላደጋችሁ ታውቀዋለህ፤ እጁ የሩዝ ችግኝ ለመንቀል የተፈጠረ ነው፣ ድምፁም ከእንግዳ ፊት እንዳለች ሙሽራ ነው። ስሙን ሳወጣለት ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። (እየሩስ እዚህ ላይ ብዕሯን አቆመች። ጻፊ አልኋት፤ ጻፈች።)

ወጋችን አልጠፋህም። ቀድሞ ያደማ፣ ገዳይ እርሱ ነው። የጣለው ሌላ ቢሆንም ግዳዩ የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰው ነው። ጎረቤታችን ማረው ክላሽ ገዝቶ፣ ያን ጉማሬ እኔ ነኝ የማደማው እያለ በየድግሱ ያቅራራል። ልቀደም አልችልም። ቤቴ ሁለት ነፍጥ አለ፤ የአባቴ ውጅግራና በኋላ የገዛኋት ምንሽር። አንተ የአውሬ አዳኞች ጠመንጃ ያዥ ሆነሃል ብለውኛል። ለትልቅ አውሬ የትኛው እንደሚሆን ንገረኝ። ግን እንደ ወንድ ንገረኝ።

አጎትህ በላቸው


ሊምፖፖ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድና ለተከበሩ አጎቴ፤ እጅ ነሥቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ በቁሐር ሚካኤል ጸሎትና በእናቴ ምርቃት ደኅና ነኝ። ለሰውመሆንና ለእየሩስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስም አለኝ፣ ሆዴም ባባ። አጎቴ፣ ጉማሬ እዚህ አገር አንበሳ ከሚገድለው ሰው ይበልጥ ይገድላል። ቢቻል ሩዙን ቦይ ቆፍራችሁ ብታጥሩት ይሻላል። የለም፣ ይተኮሳል ካሉ ደግሞ የማውቀውን ልንገርዎ።

እኔ በምሠራበት የአደን እርሻ ከውጭ የሚመጡ ሀብታሞች አሉ። ሁሉም ትልቅ ጠመንጃ ይወዳሉ። አምና አንዱ ጥይቱ የእጅ ጣት የሚያህል፣ ሲተኮስ ምድር የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ይዞ መጣ። ጎሽ አስጠጋንለት። ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰና ሆዱን መታው። የቆሰለው ጎሽ የመጣው ወደ እርሱ አይደለም፤ ወደ ዱካ ፈላጊው ወዳጄ ነው። ወዳጄ ዛሬ በአንድ እግሩ ይሄዳል። አለቃችን ግን በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ነው፤ የሚይዘው ሦስት ሰባ አምስት የሚባለውን መካከለኛ ጠመንጃ ነው። ለምን ከዚያ የሚበልጥ አትይዝም ብለው ሲጠይቁት፣ ሰው መያዝ ያለበት ዓይኑን ሳይጨፍን ሊተኩሰው ከሚችለው ሁሉ ትልቁን ነው፣ ከዚያ በላይ አንዲት ፀጉር ብትጨምር ጠመንጃው ከአውሬው ጋር አብሯል ማለት ነው ይላል።

ስለዚህ ምንሽር ይሻላል። መዳብ የለበሰ ሙሉ ጥይት ይፈልጉላት፤ አፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነው የጉማሬ አጥንት ላይ ይለጠፋል። ከቅርብ፣ ጎኑን ሲሰጥ፣ በዓይኑና በጆሮው መካከል። ሰውመሆን በምንሽር ሎሚ ከዛፍ ሲያወርድ አይቻለሁ፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ምንሽር ትከሻ አትሰብርም፤ ሴት እንኳ ትተኩሳታለች። ውጅግራው እርግጫው የበቅሎ ነው።

የሚጠራጠሩ ከሆነ አንድ መፈተኛ አለ። ሳይነግሩት ባዶ ቀለህ ያጉርሱለትና ቃታውን ይሳብ። ጥይት ሳይወጣ ትከሻው ከዘለለና ዓይኑ ከተጨፈነ ያ ጠመንጃ በዝቶበታል። ያንሱለት።

ደግሞም አደራ፣ በጉማሬና በውኃው መካከል ሰው እንዳይቆም። ሲፈራ የሚሸሸው ወደ ውኃ ነው፤ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ አፍርሶ ያልፋል።

አክባሪዎ ዘመነ


ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመነ። ሰላም ለአንተ ይሁን። ምክርህ ደርሶኛል፤ እየሩስ ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች። በተለይ ምንሽርን ሴት እንኳ ትተኩሳታለች ያልኸውን ደግማልኛለች። እርሷ ልቤ እንዲለዝብ ብላ ነው። እኔ ግን ጠመንጃውን የናቅሁት ከዚያች ቃል በኋላ ነው። የሴት ጠመንጃ ይዞ ገዳይ የሆነ ወንድ በፎገራ አልተወለደም። የሎሚውን ነገር ደግሞ ተወው፤ ሎሚ አይነክስም።

የባዶ ቀለሁን ፈተና ግን ወደድሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጄ ላይ ጠላ ሲጠጣ ውጅግራውን አወረድሁና ለሰውመሆን ሰጠሁት። ባዶ መሆኑን አልነገርሁትም። ለሌሎቹ ግን በጥቅሻ ነግሬአቸዋለሁ። አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ፣ ቋ አለ። ትከሻው ዝንብ እንደ ነከሳት በቅሎ ዘለለ፤ ዓይኑም ጥርቅም አለ። ደጁ በሳቅ ተናወጠ። ማረው ዋንጫውን አስቀምጦ፣ "አያ በላቸው፣ ልጅዎ ጉማሬውን በጥቅሻ ሊገድለው ነው እንዴ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ እውነተኛውን ጥይት አጉርሼ፣ እንካ፣ አሁን ቻለው አልሁት። ተኮሰ። ሰደፉ ፊቱን መትቶ ከንፈሩን ተረተረው፤ ነጭ ሸሚዙ በደም ራሰ። ጥይቱ የት እንደ ገባ እግዜር ይወቀው። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እዋሽሃለሁ። እየሩስ አንገቷን ደፍታ ደሙን ጠረገችለት፤ ሸሚዙን እንድታጥበው ብነግራት አላጠበችውም።

ማታ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለና፣ "አባ፣ በምንሽር ከሆነ ጉማሬው ፊት እቆማለሁ። በዚህ ግን እርሱን አላየውም፤ የማየው የጠመንጃውን ርግጫ ነው" አለኝ። አንተ የጻፍኸውን ነው የሚያነበንበው አልሁ በልቤ። የምንሽሯን መዝጊያ ነቅዬ በገመድ አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጎን አሰርሁት። መዝጊያ የሌላት ነፍጥ ዱላ ናት። አሁን ምርጫ የለውም። ሰው ምርጫ ሲያጣ ነው ወንድ የሚሆነው።

አንበሳሜ ያለ ቀጥቃጭ የውጅግራውን ጥይት እያደሰልኝ ነው፤ ባሩዱን ጠቀም አድርግ ብዬዋለሁ። የሚቆምበትንም መርጫለሁ። አባቴ ከቆመበት፣ ጉማሬው ከሩዙ ወደ ወንዙ በሚወርድበት መንገድ ላይ፣ ውኃው ከጀርባው። አንተ አይቁም ብለሃል፤ አባቴ ግን ቆሞ ገድሏል። ሩዙ ሳይታጨድ መሆን አለበት፤ ማረውም ሌሊት ሌሊት ክላሹን እየወለወለ ነው አሉ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ውጅግራው ባይሆን ከእርሱ የሚበልጥ ከዚያ በኩል የሚመጣበት መንገድ ካለ ንገረኝ።

አጎትህ በላቸው


ሊምፖፖ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤ ጤና ይስጥልኝ። አብዱልባሲጥ ደብዳቤዎን ዛሬ ሰጠኝ፤ ዛሬውኑ እየጻፍሁ ነው። ስልክ ብደውል ብደውል አይነሣም፤ የወረታው የኡመርም መስመር ተቋርጧል።

አጎቴ፣ ተንበርክኬ እለምንዎታለሁ። መዝጊያውን ይመልሱለት። ያንን ፈተና የጻፍሁልዎ ጠመንጃው እንዲያንስለት እንጂ ሰው እንዲስቅበት አይደለም። ሰውመሆን ፈሪ አይደለም። ጎርፉ በመጣ ዓመት ከውኃ ውስጥ እኔን በፀጉሬ ጎትቶ ያወጣኝ እርሱ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ሆነው ሲመለከቱ የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ አይተዋል። አንድ ጊዜ ፊቱን የመታው ጠመንጃ ሁለተኛ ሲይዘው ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው ፈርቶ አይደለም፤ ሥጋው ነው የሚጨፍነው። አለቃዬም እንደዚያው ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ግዳዩ ለማረው ይሁንለት። ቅቤ ይታጠባል።

ሰውመሆን በእጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ስጠብቅ እውላለሁ።

ዘመነ


ቁሐር ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘመነ። ለአንተም ለሥራህም ሰላም። ደብዳቤህ ደርሷል። መልካም ጽፈሃል።

ጉማሬው ወድቋል። ኅዳር ሳይወጣ ጎሕ ሲቀድ ከሩዙ ሲመለስ ነው የወደቀው። እንዲህ ያለ ትልቅ አካል አይተህ አታውቅም፤ በሬ አስጠምደን ነው ከጭቃው የጎተትነው። አገር ምድሩ፣ ከሐሙሲት ሳይቀር፣ ለማየት መጣ። ሽማግሌዎች ሚካኤል ዋርካ ሥር ተቀምጠው ግዳዩን ፈረዱ። ቆዳውን እየገለበጡ አዩ። የውጅግራው እርሳስ አልተገኘበትም፤ የተገኘው የማረው የክላሽ ጥይት ነው። ተነሥቼ ተከራከርሁ፤ አልሰሙኝም። ቅቤው በማረው አናት ላይ ሆነ። ሲፎከርለት ቆሜ አየሁ። ዓይኔን አልመለስሁም።

ሰውመሆን ከቆመበት አልሸሸም። ይህን እወቅለት።

አንድ የምትልክልኝ ነገር አለ። በወጣትነታችሁ ወረታ ላይ ከሰውመሆን ጋር የተነሣችሁት ፎቶግራፍ አንተ ዘንድ ነው። ላክልኝ፤ ለጉዳይ ይፈለጋል። ይህን የጻፉልኝ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ እየሩስ እጇ አልመች ብሏት ነው።

አጎትህ በላቸው


ሊምፖፖ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ፎቶግራፉን ልኬአለሁ። በአገራችን የወጣት ሰው ፎቶግራፍ ለምን ጉዳይ እንደሚፈለግ አውቃለሁ።

ስለ ጉማሬው ጽፈዋል። ስለ ቆዳው፣ ስለ ዋርካው፣ ስለ ማረው ቅቤ ጽፈዋል። ስለ ልጅዎ የጻፉት አንድ መስመር ነው። የቀረውን ይንገሩኝ። ሲነግሩኝም የሚጽፈው መሪጌታ አይሁን። ጻፊ ይበሏት፤ እንደ ለመዱት።

ዘመነ


ቁሐር ሚካኤል፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘመነ። እንደምን ባጀህ? እኔ አለሁ። ሚካኤል አንተን አያሳጣን።

ፎቶግራፉ ደርሷል። የጠየቅኸውን እነግርሃለሁ፤ የምትጽፈውም አንተ እንዳልኸው እየሩስ ናት። ጻፊ አልኋት፤ እሺ አለች። ከእንግዲህ ብዕሯን አታቆምም።

በዚያ ማለዳ በነገርሁህ ቦታ አቆምሁት። እኔ ከኋላው፣ ከመንገዱ ወጣ ብዬ፣ ድንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ማረው ራቅ ብሎ ከደንገሉ ውስጥ ነበር። ሰውመሆን ጠመንጃውን ከመያዙ በፊት ዞሮ አንገቴን አየ፤ መዝጊያውን። አልጠየቀኝም። እኔም አልሰጠሁትም። ጉማሬው ከሩዙ ወጣ። አስጠግቶ ተኮሰ፤ ማስጠጋቱንስ እንደ ወንድ አስጠጋ። ጥይቱ ሰማይ መታ። ሲተኩስ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ከኋላው ሆኜ እንዴት አወቅህ ብትለኝ፣ አንገቱ ወደ ትከሻው ገባ። ከዚያ ጉማሬው በመንገዱ መጣ። አንድ ጊዜ ነው የነከሰው። ማረው የተኮሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስናነሣው ዓይኑ እንደ ተጨፈነ ነበር፤ መክደን አላስፈለገንም።

በቀብሩ ላይ ጠመንጃው አልከበደም፣ እርሱ ነው የቀለለው ብዬ ተናግሬአለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ተዝካሩን ጾሙ ሳይገባ በወጉ አበላሁ። ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ማረውም ነበሩ። እየሩስ ፎቶግራፉን አቁማ፣ ከጓዳ በዋንጫ ለጋ ቅቤ ይዛ ወጣች። ሰው ለምግብ መሰለው። ዳሱ መካከል ቆማ ሽማግሌዎቹን፣ "ወጉን ንገሩኝ፤ ገዳይ የሚባለው ማን ነው?" አለቻቸው። ቀድሞ ያደማ ነው አሏት። የጣለው ሌላ ቢሆንስ አለች። ቢሆንም ያደማው ነው አሏት። ያን ጊዜ ከነጠላዋ ሥር ያንን ሸሚዝ አወጣች። ያልታጠበውን። ደሙ ጠቁሮ ደርቋል።

"ይህ ደም ከጉማሬው በፊት ነው" አለች። "የፈሰሰው በዚህ ደጅ ነው። ያያችሁ አላችሁ፤ የሳቃችሁም አላችሁ። ጉማሬው ባሌን የጣለው ነው እንጂ ያደማው አይደለም።"

ማረው መሬት መሬት ያያል። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጄ ተይ ሊሉ ጀመሩና ተዉት፤ ወጉን የነገሯት እነርሱ ናቸው። ወደ እኔ መጣች። ጥምጥሜን አወለቀችና ቅቤውን በሁለት እጇ አናቴ ላይ አደረገችው። "እንኳን ደስ ያለዎ አባ" አለችኝ።

የሚፎክርልኝ አልተገኘም። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ በግንባሬ፣ በታወረው ዓይኔ ላይ ወረደ። ሽታው ያው ነው፤ በልጅነቴ ያሸተትሁት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነው። አልጠረግሁትም። ሰው ሁሉ እስኪበተን ድረስ ከነቅቤዬ ተቀምጫለሁ።

አሁን ሌላ ጉማሬ መጥቷል። ጓያው ውስጥ ነው የሚያድር፤ በዚያው በቀድሞው መንገድ ይመላለሳል። ማረው ክላሹን ሸጧል። ትናንት እየሩስ ፊቴ ቆማ እጇን ዘረጋች። መዝጊያውን ከአንገቴ አወለቅሁና ሰጠኋት። ምንሽሯ ላይ ገጠመችው። እኔም አንተ ያስተማርኸኝን ሳልነግራት ሞከርሁ፤ ባዶ ቀለህ አጎረስሁባት። ወደ ሎሚው ዛፍ አነጣጠረች፣ ቃታውን ሳበች፣ ቋ አለ። ትከሻዋ አልተነቃነቀም። ዓይኗን አልጨፈነችም። ቀለሁን አውጥታ አየችውና እግሬ ሥር ጣለችው።

ነገ ማለዳ እንወጣለን። ገዳይ ነዎትና ከፊት ይቁሙ፣ ሰውመሆን ከቆመበት፣ እኔ ከኋላዎ እሆናለሁ ብላኛለች። በላቸው ቁም ተብሎ አልቆምም ያለበት ቀን የለም። እቆማለሁ።

ይህን ስትጽፍ ምንሽሯ ጉልበቷ ላይ ናት። አንተ እንዳልኸው ለትከሻዋ መጥናታለች። የሚጨምሩት አለ ወይ ትለኛለች። የለኝም ብያታለሁ።

አጎትህ በላቸው